ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን «ቄሱ ስለ ኪቦርድ ምን ይገባቸዋል» እያልኩ እዘላታለሁ። ሌብነት ለማን ነው የማይገባው?

እኔ ሌባ ነኝ። የሰረቅኩት የማሲንቆ ድምፅ ነው።

ድምፁ የጋሽ ተረፈ ነበር፤ ዘነበወርቅ ሰፈር ባለው ቤታቸው ኪቦርድ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ድምፅ በሚፈጥረው አሮጌ ኪቦርዳቸው፣ በሲንተሳይዘሩ ውስጥ፣ ለዓመታት እየነካኩ የሠሩት የማሲንቆ ድምፅ ነበራቸው፤ ሰርግ ላይ ሽማግሌ ከወንበሩ ያስነሳል። አቀናባሪው ሁሉ ሲለምናቸው «ሰው የጥርስ ቡርሹን ያውሳል እንዴ?» ይሉ ነበር። እኔንም እንዲሁ ብለውኛል። እኔ ግን ከሌላው እለያለሁ ብዬ አኮረፍኩ።

አንድ ቀን የኮምፒውተራቸው የሙዚቃ ፕሮግራም ሲንተሳይዘሩን እንዲያዘው አገናኝልኝ ብለው ጠሩኝ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ስደርስ መጥቷል። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ቤቱን ለእኔ ትተው ሄዱ። አመኑኝ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ፣ «ሲስተም ኤክስክሉሲቭ» በሚባል መልእክት ሆዱ ውስጥ ያለውን ድምፅ ሁሉ ይሰጣል፤ የተላከለትንም ይቀበላል። ጠየቅኩት፣ ሰጠኝ። ማሲንቆው ይዤው በመጣሁት የራሴ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ምነው በዚያ በበቃኝ! በትክክል መቅዳቴን ላረጋግጥ መልሼ ስልክ፣ በጥድፊያ ሌላ ፋይል ላክኩ። ፋይሉ በላዩ ተጽፎ እሳቸው የሠሩት ድምፅ ሁሉ ጠፋ።

ትክክለኛውን ወዲያው መላክ እችል ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ ግን ገመዱን ነቀልኩ። መስረቄ እንዳይታወቅ፣ ያጠፋሁትን ሳልመልስ ነቀልኩት።

ጋሽ ተረፈ ገብተው ማሲንቆውን ሲነኩ የወጣው ሌላ ድምፅ ነበር።

«መብራቱ ይሆናል» አልኩ። «በኃይል መጥቶ ይሆናል።»

እዚያ ቤት ሕግ አለ፤ መብራት ሲጠፋ እትዬ አስካለ ሶኬቱን ይነቅላሉ። ጋሽ ተረፈ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አስካለ፣ አልነቀልሽውም?»

«ኧረ ነቅያለሁ! ነቅያለሁ... መሰለኝ።»

ነቅለውት ነበር። ግድግዳው ሥር ወድቆ ያገኘሁት፣ በእጄ የሰካሁት እኔ ነኝ። ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ጋሽ ተረፈ ሲንተሳይዘሩን በአንሶላ ሸፈኑት። ማሲንቆ የሚፈልጉ ዘፋኞች አስኮ ወዳለው ስቱዲዮዬ መምጣት ጀመሩ። አንዱን ዘፈን ሬዲዮ ላይ ሰምተው ጋሽ ተረፈ ደወሉልኝ፤ «ጎበዝ፣ ማሲንቆህ የእኔን ልትመስል ምንም አልቀራት» አሉኝ። አመሰገንኩ። ፈርቼ ነው ያልመለስኩት ብል ውሸት ነው። ብቻዬን ስይዘው ደስ ብሎኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በቅርቡ እትዬ አስካለን ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ያን ነገር በኮምፒውተር ማዳን አይቻልም?» አሉኝ። «እኔ'ኮ አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር እየተመላለስኩ ሶኬቱን ሳይ ነው የምውለው። ያን ቀን ምን ነክቶኝ ነው?»

በማግስቱ ሄድኩ። አንሶላውን ገለጥኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ፋይሉን ላክኩ። ለዓመታት ያልሠራሁት ሥራ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ማሲንቆው ተመለሰ። ጋሽ ተረፈ አለቀሱ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከራሱ ከማሽኑ፣ ፈልጌ» አልኩ።

ግንባሬን ስመው መረቁኝ። አሜን አልኩ። አዎ፣ አሜን አልኩ።

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ባላቸውን «እንግዲህ አሁንስ ይቅር በለኝ» አሏቸው። እሳቸውም «ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። እኔ መሃላቸው ቆሜ ገመድ እጠቀልል ነበር።

እትዬ አስካለ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ይህን እዚህ መጻፍ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ ያን በር አንኳኩቶ መናገር ነው። ስለዚህ አንብባችሁ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም፤ እሳቸው ዛሬም ሶኬቱን እያዩ ነው።