ቀልቶ የማያውቅ ብረት

ከዛሪማ በላይ ካለችው መንደራችን የወጣሁት ሰንበት በወጣ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ባለቤቴ ትርንጎ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዳቦ ቆሎ በስልቻ ቋጥራ ሰጠችኝና፣ «ከመውለዴ በፊት ቤት ይዘህ ጥራኝ፤ ካልጠራኸኝ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሊማሊሞን እስክወጣ ድረስ ዓይኔ አልደረቀም።

ምን ላድርግ ወገኖቼ? ቀጥቃጭ ነኝ፣ የቤተ እስራኤል ልጅ፤ ከአባቴ የወረስኩት መዶሻና ወናፍ ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ገበሬው ለመንገድ ሥራ ተነድቶ ማረሻ የሚያሠራ ጠፋ። የቀረውም የጣሊያን ዶማ መያዝ ጀመረ። ጎንደር ሥራ አለ ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ።

ሥራስ ነበረ። የጠፋው ቤት ነው። አራዳ ውስጥ ቀጥቃጭ መሆኔን የሰማ ሁሉ ልጁን ከዓይኔ ሸሽጎ በሩን ይዘጋል። በመጨረሻ የአንድ ደብተራ ሚስት የነበሩት እትዬ ዘርፌ ደጃፋቸው ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ቡዳ ነህ ይላሉ።»

«እሜቴ፣ ቡዳ ብሆን ኪራይ እየከፈልኩ እኖር ነበር?»

ጥቂት አሰቡና «ይህስ እውነት ነው» ብለው አስገቡኝ።

ችግሩ የመጣው በጓሮው ነው። እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ከቤት ወጥታ በአራስ ጎጆ ለብቻዋ ትቆያለች፤ ያ ጎጆ ከሌለ ትርንጎ አትመጣም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ምነው፣ ቤቴ ጠበባት?»

«ወግ ነው እሜቴ። ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ።»

«እኛም እኮ ቤተ ክርስቲያን ሳንገባ የምንቆየው አርባና ሰማንያ ነው፤ ግን በአልጋችን ተኝተን ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «የሳር ጎጆ በጓሮዬ አይሠራም፣ እሳት ነው። ቆርቆሮ ካገኘህ ሥራ» አሉኝ።

ቆርቆሮ ያለው ጣሊያን ዘንድ ነው። በአዘዞ መንገድ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ሲኞር ብሩኖ የሚባል ቀይ ጢም ያለው መካኒክ ከተሰባበሩ አውሮፕላኖች ትርፍራፊ ለራሱ ትንሽ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። አገሩ ሊሄድበት አስቦ እንደሁ እንጃ፤ እሱም የናፈቀው ሰው ሳይኖር አይቀርም። የእኔ ሥራ የአውሮፕላኑን ሆድ የሚያያይዙትን የማዕዘን ብረቶች ማጠፍ ሆነ፤ እሱ አንጎላሬ ይላቸዋል። በአስተርጓሚ ተስማማን፦ ሃያውን አጥፌ ስጨርስ ለጎጆ የሚበቃ ቆርቆሮ ይሰጠኛል።

ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ቀጥቅጫለሁ። ብረት ሲበቃው ይቀላል፣ ሲቀላ ታወጣዋለህ። ለአንጎላሬው የተሰጠኝን፣ አሉሚኒዮ የሚሉትን ነጭ ብረትም ከሰል ውስጥ ከትቼ ወናፉን ነፋሁ። ይቀላል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀላም። ነፋሁለት። ሳይቀላ፣ ምንም ሳይናገር፣ እንደ ቅቤ ቀልጦ አመዱ ውስጥ ገባ። የፊተኛው ጉድለት ቢኖርበት ነው ብዬ ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግሁት። ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ።

ሲኞር ብሩኖ ጮኸ፣ ቆየና ደግሞ ጮኸ። አስተርጓሚው ያን ሁሉ ሰምቶ «ተናዷል» አለኝ።

«እሱንስ አይቻለሁ። ሌላስ?»

«ሌላው አይተረጎምም። ሦስተኛ ካቀለጥክ ግን ቆርቆሮ የለም።»

በነጋታው ሲኞር ብሩኖ ራሱ አሳየኝ። ብረቱን ሳሙና ይቀባዋል፤ ከእሳቱ ከፍ አድርጎ ያሞቀዋል፤ ሳሙናው ሲጠቁር ያወጣዋል። ከበረደ በኋላ የእንጨት ቅርጽ ላይ አስይዞ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ያጥፈዋል። ቀዝቃዛ ብረት በእንጨት መምታት! አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር? ማዕዘኑ ስል ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ጥቂት ክብ ማለት አለበት። እጄ እስኪለምድ ወር ፈጀብኝ፤ ቅዳሜ እሳት አልነካም ስላልኩም ሥራው ተጓተተ። በዚህ መሀል የትርንጎ ሰባተኛ ወር ገባ፣ ስምንተኛውም ገባ። እንቅልፍ አጣሁ።

ሃያኛውን ባስረከብኩ ቀን ቆርቆሮውን ተሸክሜ አራዳ ገባሁ። በሦስት ቀን ጎጆዋ ቆመች። እትዬ ዘርፌ ዞረው አዩና «ከኔ ቤት ይሻላል» ብለው ተኮሳተሩ። እውነትም ሸጋ ነበረች። ለትርንጎ ነይ ብዬ ላክሁላት።

መልሱን ያመጣው የዛሪማው ነጋዴ አያ ይርጋ ነው። በቅሎውን ሳያራግፍ ነገረኝ፤ መልእክቴ ሲደርስ ወልዳ ነበር። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሰማንያው ቀን ሲያልቅ ክረምት ይገባል፤ በክረምት ጨቅላ ይዛ ሊማሊሞን አትወጣም።

«ሌላስ ምን አለች?» አልኩት።

«ሰማንያው ሲሞላ ስም ይወጣላታል። አባቷ ይምጣ፣ ካልሆነም ስሙን ይላክ ብላለች።»

ልሂድ ብል፣ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ሹም «ከሄድክ አትመለስም፣ የሥራ ቦታህን ሌላ ይይዘዋል» አለኝ። ማረሻ የሚያሠራ በሌለበት አገር በምን አበላቸዋለሁ? ደክሞኝ ነበር፣ ከሹሙ ጋር መከራከርም አልቻልኩም። አያ ይርጋ ሲመለስ እስከ ከተማው ዳር ሸኘሁትና ስሙን ነገርኩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። «በቃ ያዝኩት፣ አንተ ሰው» ብሎ ሳቀብኝ።

ይኸው ክረምቱም አለፈ። መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ፣ አያ ይርጋም አልተመለሰም። እትዬ ዘርፌ ጎጆዋን ለዶሮዎቼ ስጠኝ ይሉኛል፤ እምቢ ብያለሁ። ልጄን በስሟ ስጠራ እውላለሁ። እዚያ ማን ብለው እንደሚጠሯት ግን አላውቅም።