የማትታየዋ ማዳመጫ

ፀጉር አስተካካዩ በየማለዳው ደንበኛ ሳይገባ ሽንብራ የምታህል የመስሚያ መርጃ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ይሸጉጥና፣ አለመታየቷን በመስታወት ያረጋግጣል። ማዳመጫዋን የሰጠችው የጆሮ ባለሙያ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን መክራው ነበር።

«አባባ፣ ትልቁ ለእጅዎም ይመቻል።»

«እሱ ያሳብቅብኛል፣ ልጄ» አላት።

ባለሙያዋ ሽማግሌው ቄንጠኛ ነው ብላ ሳቀች። ሰፈሩ እሱን ደንቆሮ ነው ብሎ ካመነ ወዲህ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሆዱን ዘርግፎ ነው የሚነሳው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ የቀረው ጨዋታ ይኸው ነው። ስለ ማዳመጫዋ ለሴት ልጁ እንኳ አልተነፈሰም።

ዛሬ የልጁ ባል ጢሙን ሊላጭ ስልክ እያወራ ገባ።

«አማቼ ጋ ነኝ። አይዞህ፣ እሱ መድፍ ቢተኮስም አይሰማም! ያቺ ቆንጆዬ ምን አለች? ሚስቴ ጋ እንዳይደርስ ብቻ!»

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለትና ምላጩን አነሳ።