በዐቢይ ጾም የተመታ ከበሮ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አምስተኛ ዓመቷ ነው። አጠገቧ ቤተ ክርስቲያን የሚባል የለም፤ ቢኖርም ብቻዋን መውጣት አይፈቀድላትም። ጾም ግን አንድ ቀን ገድፋ አታውቅም። እመቤቷ፣ እታለም ዳቦ በቲማቲም ስትበላ እያየች፣ «ሠራተኛዬ እንዲህ የምትበላው ለመክሳት ነው» ብላ ለጓደኞቿ ታወራለች አሉ።

ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ደብረ ታቦር ቅዳሴ ስገባ ስልኬን ከፍቼ እንዳሰማት። እሷ እመቤቷ ሳትነቃ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ ታስቀድሳለች።

እኔ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ሰነፍ ነኝ። የደብረ ታቦርን ብርድ የማያውቅ አይፍረድብኝ። በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ማለዳ እግሬን ከብርድ ልብሱ አወጣሁና ወዲያው መለስኩት። ሁለት ስልክ አለኝ። በአንዱ ለእታለም ደወልኩ፤ በሌላው አምና በንግሥ ቀን የቀዳሁትን ቅዳሴ ከፈትኩና ሁለቱን ትራሴ ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። አቤት ብልሃቴ! ተሸፋፍኜ ለጥ አልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ግን እስኪያድር አልጠበቀም። በንግሥ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ታቦት እንደሚወጣ ረስቼው ነበር። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን አሰናብቶ ጥቂት እንደቆየ፣ ጆሮዬ ሥር ከበሮው ድም! እልልታው ቅልጥ! ብርግግ ብዬ ከአልጋው ወደቅሁ።

«አንተ!» አለች እታለም በስልኩ። «በዐቢይ ጾም ከበሮ?»

በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ እንኳን እሷ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ደንግጬ «ሰርገኞች እያለፉ ነው መሰለኝ» አልኳት።

«በጾም ሰርግ?»

እሷ ሳቀች። እመቤቷ እንዳትሰማት አፏን አፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሯ ቆማ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ! የምገባበት ጠፋኝ።

«ይቅር በይኝ እታለም፤ ተኝቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። ከወንጌሉ ጀምሮ ስታንኮራፋ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልዘጋሽው?»

«ቅዳሴ ተጀምሮ ይቋረጣል እንዴ? ግዴለም ወንድምዓለም፣ ብርድ ነው፤ ተኛ። ለሁለታችንም ቆሜያለሁ።»

ተኛ ማለቷ አስነሣኝ። ጋቢዬን ደርቤ ሮጥኩ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ሰው ሁሉ አስቀድሶ እየወጣ ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አዩኝና «እሰይ የኔ ልጅ፣ አስቀደስክ?» አሉኝ።

«እኔስ አላስቀደስኩም እማማ። እታለም አስቀድሳልኛለች።»

«ኧረ ተው! እሷ ዐረብ አገር አይደለችም እንዴ?»

«አዎ» አልኳቸው፤ «ከዚያ ሆና ቀደመችኝ።»