ሁለተኛ ሳይጠይቀን የሄደው ፈረንሳዊ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ካርቱን ፊልም ላሳያት ወሰድኳት። ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ልጄ "ማሚ፣ ሌትስ ጎ!" ትላለች፤ እኔ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ዳይሬክተሩን አውቀዋለሁ። ያኔ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ጣቶቹ ላይ ቀለም የደረቀበት ፈረንሳዊ ነበር።

ልጅ ሆኜ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ነበር የምንኖረው። መኝታ ቤታችን ሁሌ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። የአሥራ አራት ዓመቷ ታላቅ እህቴ ጸጋ ከአውቶቡስ መስኮት ያየችውን ሁሉ ትስል ነበር፤ ጎማ ቤቱን፣ ላውንደሪውን፣ በረዶ የቀለጠበትን ፓርኪንግ። ሰው ግን አትስልም። እማዬ ከነርሲንግ ሆም ሥራ እግሯ አብጦ ስትገባ "ምነው ልጄ፣ አገሩ ላይ ሰው አለቀ እንዴ?" ትላት ነበር።

ፈረንሳዊው ስለ ሥራው ለልጆች ሊያወራ ሰፈራችን ላይብረሪ መጣ፤ እማዬ ሁለታችንንም ይዛን ሄደች። ለብዙ ዓመት የቀባው ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳና ሰማይ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የፊልሙን ቤት፣ መንገድና ብርሃን በሙሉ የሚነድፍ ፕሮዳክሽን ዲዛይነር ሆነ፤ ዳይሬክተርነቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ለካ ሰው የሌለበት ሥዕልም እንጀራ ይሆናል! የጸጋን ደብተር ነጥቄ ሰጠሁት። እያንዳንዱን ገጽ አየ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረና፣ በዚያ በጋ ዴንቨር ውስጥ ጥቂት ልጆችን በነጻ እንደሚያስተምር፣ ጸጋም ብትመጣለት ደስ እንደሚለው ተናገረ። እኔ ተረጎምኩላት።

የእማዬ ፊት በራ፤ አይቻለሁ እኮ! ግን ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ እሺ አይልም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ኖ፣ ኖ፣ ቴንክ ዩ" አለች። የኛ ሰው ቢሆን "በሞቴ፣ እንዴት ተደርጎ!" ብሎ ይለምናት ነበር። እሱ "አይ አንደርስታንድ" አለ፣ ደብተሩን መለሰ፣ ጸጋን ጨብጦ ወደ ሌላ ልጅ ዞረ።

እማዬ ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ አጠገብ ቆመች። ላይብረሪው ሊዘጋ ሲል ነው የወጣነው። መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳታስነሣ፣ "ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ እኮ ነው" አለች። ጸጋ "ኢትስ ኦኬ፣ እማ" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በማግስቱ ደውይለት ብላት እማዬ "እምቢ ያልኩትን ተመልሼ ልለምን?" ብላ አፈረች። በጋው ሳያልቅ ጸጋ መሳል ተወች።

ዛሬ ጸጋ እዚያው አካባቢ፣ ሴንቴኒያል ከተማ ውስጥ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች። እማዬ ወደ ጌታ እስክትሄድ ድረስ ይቅርታ ስትጠይቃት ኖረች። እኔን ግን ማንም አልወቀሰኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለሐኪሙም ለአከራዩም የእማዬ አፍ እኔ ነበርኩ። "እሺ ማለቷ ነው" ብዬ ብተረጉም ይበቃ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ጣልቃ አይገባም ተብዬ ስላደግሁ ዝም አልኩ።

የኔ ልጅ ሰው ገና ጠይቆ ሳይጨርስ "የስ!" ትላለች። ድሮ በዓይኔ እገሥጻት ነበር፤ አሁን ትቻታለሁ። ምነው እኔም ያን ቀን ባለጌ በሆንኩ።