ድንጋዩ ሳይወርድ

መምህር አሥራተ ማርያም ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበር። ደረቅ ሳል ነበረችበት፤ ሁለት ጊዜ ኡህ፣ ኡህ፣ ከዚያ ዝም። ያቺ ሳል ከበሩ ውጭ በተሰማች ጊዜ ክፍል ሙሉ ሕፃን ትንፋሹን ይውጣል።

የሚያስተምረው ከሰቆጣ ዳር፣ ቀድሞ የእህል ማከማቻ በነበረ ረጅም የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ከጎንደር በኩል የመጣ፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። የሰቆጣን አገር አይወደውም፤ አገሩም ይህን ያውቃል። ከገጠር የመጣ ልጅ በአማርኛው መሐል የአገሩ ቋንቋ ኽምጣኛ ሲያመልጠው ጆሮውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። አባቶች ግን ልጆቻቸውን ሲያስረክቡት፣ ዓይኑንና ጥርሱን ብቻ ይተዉልኝ፣ የቀረው የእርስዎ ነው ይሉታል። እሱም ቃላቸውን አክብሮ ዓይንና ጥርስ ነክቶ አያውቅም።

አለንጋም አይዝም። ከባንዲራው እንጨት ሥር የበግ ራስ የሚያህል የወንዝ ድንጋይ አኑሯል። ያጠፋ ልጅ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይይዛል። የሚያወርደው የእንጨቱ ጥላ ከቤቱ መግቢያ ፊተኛው ደረጃ ላይ ሲለቅ ነው። ልጆቹ በየጠዋቱ በአንድ ድምፅ የሚሉት ሕግ ነበር፦ ድንጋዩ ሳይወርድ ቃል አይወጣም። የተሸከመ ልጅ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ቅጣቱ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ይረዝማል።

ወለተ ሰንበት ይህን ሕግ ከፊደል ቀድማ ነው ያጠናችው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ስለነበር ከታናሽ ወንድሟ ከዘበነ ጋር በየቀኑ ወንዝ ተሻግረው ይመጣሉ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ሰኔ ውስጥ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ባለበት አንድ ጠዋት፣ ወንዙ መሐል ሳሉ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ዝናቡ የዘነበው ሌሊቱን በላይ በደጋው ነበር። የዋግ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ይማረዋል፤ ውሃ ከሰማይህ ሳይሆን ከጎረቤትህ ሰማይ ይመጣል። እሷ ወደ ከተማው በኩል ወጣች። ዘበነ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሄጃ አጥቶ ትልቁ ቋጥኝ ላይ ተንጠለጠለ። ስምንት ዓመቱ ነበር።

ገመድና ወንዶች ፍለጋ ሮጠች። መንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ ነበር፤ የአስተማሪ ቃል ከተማውን በሙሉ እንደሚያስነሳ ታውቃለች። እያለከለከች ገብታ፣ ወንዝ ሞላ አለች።

መምህሩ ወደ መስኮቱ ሄዶ ሰማዩን አየ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ።

"ደመና የሌለው ጎርፍ አመጣችልን። አርፍዶ መዋሸት፣ ሁለት ጥፋት።"

ክፍሉ ሳቀ፤ ካልሳቀ መምህሩ ይቆጣልና። እጇን ይዞ አወጣትና ድንጋዩን አሸከማት። "ወንድሜ" ብላ ጀመረች። "ሁለተኛው ደረጃ" አለና ጀርባውን ሰጣት።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ እዚያ ጠጠር ላይ ሆና አሰበች። አንድ ቃል ብጨምር ሦስተኛው ደረጃ ይመጣል፤ ዝም ካልኩ ቶሎ ይለቀኛል፤ ቶሎ ከለቀቀኝ ቶሎ እደርስለታለሁ። ስለዚህ ዝም አለች። እንደዚያ ቀን ጸጥ ብላ የተቀጣችበት ጊዜ አልነበረም። ጥላው ከሁለተኛው ደረጃ ሲለቅ ድንጋዩን እንደ ሕጉ ቀስ አድርጋ አኖረችና ጮኸች።

ወንዶቹ የጠፍር ገመድ ይዘው ሲደርሱ ቋጥኙ ከውሃው በታች ነበር። ዘበነን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት አገኙት።

መምህሩ ለቅሶው ላይ መጥቶ ከዳር ተቀመጠ። ውሃ ወሰደው፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለና ሄደ። ሰኞ ድንጋዩ በቦታው ነበር። ወለተ ሰንበት ግን ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም። አደገች፣ ወርቅአገኘሁ የሚባል ገበሬ አገባች፣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሸጥ ጀመር። መምህሩ ያስተማራቸው ልጆች ጸሐፊና ዳኛ ሆኑ፤ ሲያልፍ ሰው ይነሳለታል። እሷ ገበያ ላይ ሳሉን ስትሰማ የበግ ፀጉሯን ጠቅልላ ትሄዳለች።

ዘበነ በሞተ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ደጃፏ ተቀምጣ ስትፈትል ያቺ ሳል ከአጥሩ ውጭ ተሰማች። እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

ታሟል ሲባል ሰምታለች። ሊቆርብ ፈልጎ የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሐዋርያት፣ ቂም የያዘብህ ሰው እያለ አላቆርብህም ብለውታል። አሁን አባና ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሱ ከኋላ መጡ። እንደ አገሩ ወግ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። ያው ድንጋይ ይሁን ሌላ አላወቀችም። የወንዝ ድንጋይ ሁሉ ይመሳሰላል።

አባ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። ከዚያ እሱ አፉን ከፈተ።

"ልጄ ..."

"መምህር" አለች፣ እንዝርቷን እያነሳች። "ድንጋዩ ሳይወርድ ቃል አይወጣም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ እሱ ግን ገባው። ዝም አለ። እሷ መፍተሏን ቀጠለች። ከጎኗ የቆመው ወርቅአገኘሁ ጎንበስ ብሎ በኽምጣኛ፣ ሽማግሌ አስቁመሽ ሰው ምን ይለናል አላት። የበሩ መቃን ጥላ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ይሸሻል። ጥላው ሲለቅ ተነሳችና ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደች።

"እሰይ፣ ተባረኪ" አሉ አባ። "በይ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ በዪው።"

መምህሩ ቀድሟት ተናገረ። "ያን ጊዜ አላመንኩሽም። አሁን አምንሻለሁ።"

"አሁን?" አለች። "ድንጋዩን አውርጄልዎታለሁ፣ የወግ ነው። ቃሉ ግን ዘበነ ዘንድ ነው። እሱን ይጠይቁት።"

ገብታ በሩን ዘጋች። ሳሉ እስከ ወንዙ መውረጃ ድረስ ተሰማት። በዚያ ዓመት አልቆረበም፤ በሚቀጥለው ጾም ሞተ። እሷ ለቅሶ አልደረሰችም።

ሽማግሌዎቹ መጥተው በሄዱ ማግስት ወርቅአገኘሁ ደጃፉ ላይ የቀረውን ድንጋይ ሊወረውረው ሲል ተወው አለችው። ባሏ እርሻ ሲወርድ ብቻዋን ወጣች። ደጃፉ ላይ ተንበረከከችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳችው። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው።

መሬት ላይ ዱብ አለና ዝም። ሊቀጣት ማንም አልመጣም። መልቀቁ ያን ጠዋትም ይህን ያህል ቀላል ነበር።