የሲስተር የኋላ ጎማ

ጎሚስታው መዳፉን ጎማ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ አጠገቡ የሚያወራ ሰው ሁሉ ሳያስበው ድምፁን ይቀንሳል። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። ትክክለኛ ስሙን ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ «ጋሽ መዳፉ» ብሎታል፣ እሱም ወዶታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያው መዳፍ ጎማ አንብቧል። መሐሉ የተበላ ከሆነ «አየር አብዝተህበታል»፣ ዳርና ዳሩ የተበላ ከሆነ «አስርበኸዋል» ይላል። አንዴ እንዲያውም አንዱን ባለመኪና «ቤትህ ስትገባ ሁልጊዜ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ትላተማለህ፤ እንደዚህ የምትቸኩለው ሚስትህን ፈርተህ ነው ወይስ ናፍቀህ?» ብሎት ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ሄዷል። ሰው ስለ ሕይወቱ ሲያወራ ይጨምራል፣ ያሳምራል፤ ጎማ ግን መጨመር አይችልም። የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው፤ የቀነሰበትም ቦታ እውነቱ ነው።

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። ለምን እንዳላገባ ሲጠይቁት «ጎንበስ ብዬ ጎማ ስፈታ በላዬ አለፈ» ይላል። ልብስ ሰፊዋ እህቱ ከጎኑ ባለችው ክፍል ውስጥ ናት። በመካከላቸው መስታወት የሌለው መስኮት አለ፤ በዚያ መስኮት መቀስም፣ ምክርም፣ ስድብም ይተላለፋል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንዲት አዋላጅ ነርስ ያገለገለች ትንሽ ነጭ መኪና ገዝታ ወደ እሱ መጣች። ጎማዋ ያለ ዕድሜው አልቆ ነበር። ሲስተር ባለቤቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ ቀድሞ ይስቃል። «ጋሽ መዳፉ፣ ይቺ መኪና ጎማ ትበላለች እንጂ ነዳጅ አትጠጣም!» አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የጎሚስታው ልብ ያልጠበቀ ቡሎን ሆነች፤ ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ትንገጫገጫለች።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ በደሉ የእሱ አልነበረም። ጎማ እኩል እንዲያልቅ በመጣች ቁጥር የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ያዘዋውር ነበር፤ የደህና ጎሚስታ ወግ ነው። ታዲያ ያው ደግነቱ አሞኘው። አንዱ ጎማ በታመመው ቦታ ላይ ትንሽ ይበላል፣ ከዚያ ቦታውን ለሌላው ይለቃል፤ አራቱም ትንሽ ትንሽ ታመው ሕመሙ የማን እንደሆነ ጠፋ። መሪው ከፊት ስለሆነም የሁሉም ዓይን ፊት ፊቱን አየ። ሦስት ጊዜ «የፊት አላይመንት ይሠራ፤ እግሮቿ ቀጥ ይበሉ» ብሎ ላካት፤ ሦስት ጊዜ ተሠራ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ሦስት ጊዜም አዲስ ሸሚዝ ለበሰ።

«አንተ፣ ጎማ የሚፈታ ሰው ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል?» አለች እህቱ በመስኮቱ።

«ሙቀት አይስብም።»

«አዎን፣ ሙቀቱማ ከውስጥ ነው።»

በአራተኛው ጊዜ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ነገሩ ተገለጠ። ከዚያ በፊት በመጣችበት ቀን ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ ስለተጠራች፣ ጎማዎቹን ሳያዘዋውር ነበር የሄደችው። አሁን አራቱም እነበሩበት ተቀምጠዋል። መዳፉን የቀኙ የኋላ ጎማ ላይ አሳረፈ። ወደ ውስጥ ሲሰድደው ሐር ነው። ወደ ውጭ ሲመልሰው መጋዝ! የውጭው ዳር ደግሞ እስከ መላጣው ተበልቷል። የግራውን ነካ፤ ደህና። የፊቶቹን ነካ፤ ደህና። ያቺ አንዲት እግር አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አዙራ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በጎኗ እየተጎተተች ኖራለች።

አወቀ። ባወቀበት ቅጽበትም ሌላ ነገር አወቀ፤ ይኼን ከተናገረ በኋላ ሲስተር ምን ልታደርግ ትመጣለች?

«ምን አገኙ?» አለችው።

«እ... ቅያሪ ጎማ ልግጠምልዎትና... ሐሙስ ይምጡ» አለ።

እሷ ከሄደች በኋላ ቀኑን ሙሉ የራሱን መዳፍ እያየ ዋለ። ማወቅ ቀላል ነው፤ የታወቀው ነገር ከሚወዱት ጋር ሲጣላ ነው ሰው ራሱን የሚያየው። ማክሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። ጎሚስታው ቀና ብሎ አየ። ደረቅ መንገድ ላይ ጎማ ብቻ የምትበላው ያቺ እግር፣ አስፋልቱ ሲረጥብ መኪናዋን ከኋላ ይዛ ልትሽከረከር ትችላለች። ሲስተር ደግሞ ምጥ ሲባል ቀስ ብላ የምትነዳ ሴት አይደለችም።

«እታለም» አለ በመስኮቱ፤ ልጅ ሳለ እንደሚጠራት። «አንድ ነገር አድርጌያለሁ።»

ነገራት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና መነጽሯን አወለቀች። «በል ስማ፤ ሴትዮዋ ገደል ከገባች በኋላ ሸሚዙን ለማን ልትለብሰው ነው? ደውል!»

ወደ ጤና ጣቢያው ደወለ። ስልኩን አንዲት ኮስታራ ሴት አነሳች።

«ሲስተርን በአስቸኳይ ፈልጌ ነበር።»

«ምጡ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ምጥ እንኳን... ከትላንት ረፋድ ጀምሮ ነው።»

«ከትላንት?! እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ! ስንተኛ ልጇ ነው?»

«ልጅ የለም፤ እኔ ነኝ...»

«እርስዎ ምንድን ነዎት?»

«ጎሚስታ።»

በዚያ በኩል አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ሲስቅ ተሰማ፤ ከሳቁ መሐል አንዱን ለየው፤ ትከሻዋ ታየው። «ምጥ ከሆነማ መምጣቴ ነው፤ እስክደርስ አይግፉ!» አለች ሲስተር።

ዝናቡ ሳይጥል ደረሰች። እሱም ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቶ፣ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ «የኋላ ጎማዎ ጠማማ ነው፤ ሰኞ አውቄዋለሁ፤ አልነገርኩዎትም» አለ።

ሲስተር ወደ ኋላው ጎማ ዞረች። «ለምን?»

«ላሳይዎት» አለ፤ ያልተጠየቀውን መመለስ ቀልሎት። ባልዲ ውኃ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ደፋና በላዩ ቀጥ አድርጋ ቀስ ብላ እንድትነዳ ነገራት። ነድታ ወረደች። ደረቁ ሲሚንቶ ላይ የቀረው እርጥብ መስመር ሁለት መሆን ነበረበት፤ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ ይረግጣልና። አራት ሆነ። የኋላዎቹ ሁለት መስመሮች ከፊቶቹ ፈንጠር ብለው ለብቻቸው ይሄዳሉ።

«ወይ ጉድ! መኪናዬ በጎኗ ነው የምትሄደው!»

«ፊቷ ወደ ሥራ፣ ጀርባዋ ወደ ገበያ» አለች እህቱ፤ ሥራዋን ጥላ መጥታ ነበር፤ ለነገሩ ሜትርና ክር ይዛ ነው። በመኪናዋ ግራና ቀኝ ክር ወጠሩ፤ አንዱን ጫፍ ሲስተር፣ ሌላውን እሱ ያዘ፤ እህቱ በልብስ ስፌት ሜትር ከክሩ እስከ ቸርኬው ለካች። «ከፊት በኩል ሰፋ ይላል፤ ሰባት ሚሊ። እንዲህ ያለ ሱሪ ብሰፋ ደንበኛዬ ይገርፈኝ ነበር!» ጎሚስታው ከመኪናዋ ሥር ገብቶ በባትሪ አየ፤ እግሩን የሚይዘው ጎሚኒ የሚባለው ላስቲክ አልቆ፣ ብረቱ ከቦታው ሸሽቷል። ላስቲኳ ከጭብጥ አትበልጥም፤ ያን ሁሉ ጎማ ያስበላች እሷ ናት።

«አሁን ለምን እንዳልነገሩኝ ይንገሩኝ» አለች ሲስተር፤ ክሩን አልለቀቀችም።

ከመኪናው ሥር ሳይወጣ መለሰ፤ እዚያ ፊቱ አይታይም። «ከተስተካከለ አይመጡማ።»

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የመኪናዋን ጣሪያ መቱ። እህቱ ድንገት መስፋት ያለባት ነገር ትዝ አላትና ሮጠች።

«ጥፋት ነው» አለች ሲስተር በመጨረሻ። «የበሽተኛን ውጤት መደበቅ እኛ ዘንድ ከሥራ ያስባርራል።»

«አውቃለሁ።»

«ይውጡ ከዚያ፤ በስብሰው ሊሞቱ ነው» አለችና ሳቋን ለመዋጥ ታገለች፤ ትከሻዋ ግን አጋለጣት።

በማግስቱ መካኒኩ ጎሚኒውን ቀየረ፤ የኋላውም የፊቱም አላይመንት ተሠራ። መኪናዋ ቀጥ አለች። ጎሚስታው ከዚያ ወዲያ ሸሚዙን አጥፎ አስቀመጠው። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ማለቱን ግን አልተወም፤ አንገት እንደ ጎማ አይዘዋወርምና።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሲስተር መጣች። ወዲያው ተንበርክኮ መዳፉን የቀኙ የኋላ ጎማ ላይ አሳረፈ። ወደ ውስጥ ሐር፤ ወደ ውጭ ሐር።

«ምንም የላትም» አለ። እጁን ግን ቶሎ ከጎማው ላይ አላነሳም።

«አየር ላስለካ ነው የመጣሁት።»

ለካ። አራቱም ልክ ናቸው።

«በየስንት ጊዜው ነው የሚለካው?» አለች ሲስተር፤ ሰማዩን እያየች።

መስኮቱ ውስጥ ያለው የስፌት መኪና ቀጥ አለ። «በየቀኑ በላት!» አለ ከውስጥ አንድ ሹክሹክታ፤ ግቢው ሁሉ የሰማው።

ጎሚስታው ወደ መስኮቱ ገልመጥ አለ። «በወር አንዴ ይበቃል» አለ፤ እውነቱ ይኸው ነበርና።

«በወር?» ሲስተር ወደ መኪናዋ ገባች፤ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። «እኔ ግን በየቅዳሜው አስለካለሁ። ከእርስዎ ይልቅ እኔ ጠንቃቃ ነኝ።»

ግቢው ውስጥ ባቆረው የዝናብ ውኃ ላይ አልፋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሲሚንቶው ላይ ሁለት እርጥብ መስመር ብቻ ጥላ።