የነጩ ሰዓት

ሰፈሩ የሰውዬውን ስም ከረሳው ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ስለሚለብስ «ነጩ» ይሉታል። የወፍጮው ጩኸት ደግሞ ጆሮውን ቀስ በቀስ በልቶበታል። ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን ያያል፤ ያልገባውን ሁሉ በ«እሺ» ይሸኛል። በዚህች «እሺ» ስንት ጣጣ ውስጥ እንደገባ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።

የልቡ ቫልቭ ተበላሽቶ በሰው ሠራሽ ሲቀየርለት ግን ሐኪሟ በ«እሺ» ብቻ አለቀቀችውም።

«አባቴ፣ አዲሱ ቫልቭ ቀጭ ቀጭ ይላል» አለችው ጮክ ብላ። «ደም ማቅጠኛውን ክኒን እየወሰዱም ቢሆን አንዳንዴ ደም ይረጋበትና ይይዘዋል። ያኔ ድምፁ ይታፈናል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሳይውሉ ሳያድሩ ካልመጡ ያሰጋል።» ከዚያ ጆሮው ትዝ አላትና «ቤት ውስጥ የሚያዳምጥልዎ ሰው አለ? ባለቤትዎ?» አለችው።

«አለች» አላት።

ማን አለች? እናቱ ከሞተች ወዲህ ያንን ቤት ከእሱ ሌላ የረገጠው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። ግን ልጁ ልትሆን በምትችል ሐኪም ፊት «ማንም የለኝም» ማለት ከቀዶ ጥገናው ይልቅ አስፈራው። በዚህ የሚስቅ ካለ፣ ባዶ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆልፎ አያውቅም ማለት ነው።

ቤቱ ሲገባ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። ልቡ ይመታል፤ ያ ቀጭ ቀጭ የተባለው ግን እሱ ዘንድ አይደርስም። ጠፍቶ እንደሆነስ በምን ያውቃል? ይህን እያሰበ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይተኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ይሄዳል። ክኒኑ ደም ስለሚያቀጥን፣ ቢቆረጥ ደሙ አልቆም ይላልና ምላጭ አያስነካም፤ በማሽን ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ከኋላ አንገቱ ሥር ሲያጎነብስ «ነጩ፣ ይኼ ሰዓትህ ካንተ ይበልጥ ወሬኛ ነው» ይለዋል። ነጩ ከንፈሩን ስለማያየው ምኑም አይገባውም። «እሺ» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ወደዚያው ሲሄድ ትንፋሽ አጥሮት መንገድ ላይ ቆሞ አረፈ። እርጅና ነው ብሎ አለፈው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ተስተካከለ። ፀጉር አስተካካዩ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ አጎነበሰ። ከዚያ ዞሮ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ሰዓትህን ሸጥከው እንዴ?»

አሁን ከንፈሩን አየ። «የምን ሰዓት? እኔ ሰዓት ኖሮኝ አያውቅም።»

«ኧረ ተው፣ ኪስህ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው። ሁልጊዜ እሰማው የለ? ዛሬ ጭጭ ብሏል።»

ነጩ ክው አለ። «እሺ» ማለት አቃተው። «ልቤ ነው» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ጣል አደረገና ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ማንም እንዲህ ተጠግቶት አያውቅም፤ በፍርሃቱ መሀል እንባ መጣበት። ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ እንደጎፈረ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ተደጋግፈው ታክሲ ውስጥ ገቡ።

ሐኪሟ አዳመጠችው፣ በማሽንም አየችው። ደም ረግቶበታል፤ ደግነቱ በጊዜ ደርሷል፤ መድኃኒቱ አሁኑኑ ይጀመራል አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ «ባለቤትዎ ጆሮ አላቸው» አለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ አየው። «ሚስት አለህ እንዴ?»

ነጩ መሬት መሬቱን እያየ «የለኝም» አለ። «ማንም የለኝም።»

«ታዲያ እስካሁን ማን ነበር የሚያዳምጥልዎ?» አለች ሐኪሟ።

እሱ ቀና ስላላለ ጥያቄውን አልሰማም። ፀጉር አስተካካዩ ከነጩ አንገት ላይ ፎጣውን ቀስ ብሎ አነሳ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ሰዓት መስሎኝ።»